ከሞተች በኋላ ለምን ይቀጥላል?

ክርክሩ የተነሣው ከአንዲት ቀጭን ደብተር ነው። አምስት ሆነን ሐኪም ወዳጃችን ቤት ተቀምጠናል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መምህር፣ የሰው ረቂቅ በማረም የምትተዳደር አርታኢ፣ ሐኪሙ ራሱ፣ የእህቱ ልጅና እኔ። ልጅቱ 19 ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ልብ ወለድ ከእጇ አይጠፋም። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ከመጀመሯ በፊት ደብተሯን ታወጣና መጽሐፉ ምን እንዳደረጋት ትጽፋለች። አንዳንዱ ማስታወሻ ሙሉ ገጽ ይይዛል፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ጋ «አልቻልኩም» ብቻ ብላ ትታዋለች።

አጎቷ «እስኪ አንዱን አንብቢልን» ሲላት አፈረች። ሲደጋግምባት ግን ገለጠችና ስለ «አና ካሬኒና» የጻፈችውን አነበበች። ቃል በቃል ባልይዘውም እንዲህ የሚል ነበር፦

«አና ከሞተች በኋላ መጽሐፉ ለምን ይቀጥላል? እኔ እያለቀስኩ ገጹን ስገልጥ ሁለት ወር አልፏል። አንድ ሰውዬ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን መጽሐፍ ማንም ልብ አላለልኝም ብሎ ይተክዛል። ሰዉ ባቡር ይሳፈራል፣ ስለ ጦርነት ያወራል። የአና ፍቅረኛ ቭሮንስኪን ጥርሱን ያመዋል። ሁሉንም ጠላኋቸው። ቶልስቶይንም ጠላሁት። እሷን የማያነሡበት ገጽ በበዛ ቁጥር እኔ ብቻዬን የቀረሁላት መሰለኝ።»

ሁላችንም ዝም አልን። «ብቻዬን የቀረሁላት» ያለችው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ የተናገሩት መምህሩ ናቸው። «ልጄ፣ ልብሽ ሩኅሩኅ ነው» አሉ። «ግን ይኼ ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረኝም፤ የሚነግረኝ ስለ አንቺ ነው። አለቀስኩ አልሽ፣ ጠላሁ አልሽ፣ ብቻዬን ቀረሁ አልሽ። እኔ ምን ልበል? አላለቀስሽም ብዬ ልከራከርሽ? ከዕንባ ጋር ሙግት አይገጠምም። ሂስ ማለት ሌላ ሰው ተነሥቶ ‹አይደለም፣ እስኪ አብረን እንየው› ሊልሽ የሚችለው ነገር ነው። ‹ጠላሁት› ካልሽኝ በሩን ዘጋሽው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።»

ይህን ክርክራቸውን ማቃለል አልፈልግም። ብዙ ጊዜ አስቤበት፣ ብዙ ጊዜም ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መጽሐፍ ሲነጋገሩ አንዱ «ደስ ብሎኛል»፣ ሌላው «እኔን አላለኝም» ይባባሉና ይለያያሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ስለ መጽሐፉ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

አርታኢዋ መታገሥ አልቻለችም። «መምህር፣ በሩ ተዘጋ ይላሉ? አሁን ተከፈተ እንጂ!» አለች። «ልጅቱ ጣቷን የት ላይ እንዳሳረፈች ልብ ብለዋል? መጽሐፉ 8 ክፍል አለው። አና የምትሞተው በ7ኛው መጨረሻ ነው። ቶልስቶይ ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ክፍል ጻፈ። ከመጽሐፉ ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ይኼ ነው። እሷ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ‹ለምን?› ብላ ጠየቀች።» ከዚያም አብዛኞቻችን የማናውቀውን ታሪክ ነገረችን። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1877 በአንድ የሩሲያ መጽሔት እየተከፋፈለ ሲወጣ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ካትኮቭ 8ኛውን ክፍል አላወጣም አለ። ሰርቢያ ስለሚዘምቱት ሩሲያውያን በጎ ፈቃደኞች ቶልስቶይ የጻፈው አልተዋጠለትም ነበር። ለአንባቢዎቹ ግን በባለታሪኳ ሞት ልብ ወለዱ በእርግጥ አልቋል ብሎ አስታወቀ፤ የቀረውን በጥቂት መስመር ጠቅልሎ ነገራቸው። ቶልስቶይም ተቆጥቶ 8ኛውን ክፍል ለብቻው አሳተመው።

ልጅቱ ዓይኗ በራ። «አዘጋጁም እንደኔ ተናዶ ነው?»

«የለም» አሉ መምህሩ። «እሱን ያናደደው ፖለቲካው ነው። የአና ሞት ማመካኛ ሆነለት። አየሽ ልዩነቱን? እሱ የራሱን ጉዳይ ይዞ መጽሐፉን ቆረጠው። አንቺም የራስሽን ጉዳይ ይዘሽ ብትቆርጪው ደስ ይልሽ ነበር። ‹ለምን ይቀጥላል› ብለሽ ጠየቅሽ፤ ጥሩ። መልሱን ፈለግሽ? አልፈለግሽም፤ ጠላሁ ብለሽ ደብተሩን ዘጋሽ። መልሱ እኮ ሌላው የመጽሐፉ ዋና ሰው፣ ሌቪን ነው። በ8ኛው ክፍል ሌቪን ቤተሰቡ ደኅና፣ ልጁ ደኅና፣ እሱ ግን ለምን እንደሚኖር ጠፍቶት ራሴን እሰቅላለሁ ብሎ ይፈራል። ገመድ ከራሱ ይደብቃል፤ ጠመንጃ ይዞ መውጣት ይተዋል። አና የወደቀችበት ገደል አፋፍ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል ማለት ነው። መጽሐፉ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። አንቺ ይኼን አላየሽም፤ ዓይንሽን ዕንባ ሞልቶት ነበራ!»

እኔ በዚህ ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ግን ቀስ ብላ «ገመዱን አይቼዋለሁ» አለች። «አይቼው የባሰ ተናደድኩ። ለሱ ገመድ የሚደብቅበት ጊዜ ተሰጠው። የሚያስብበት ማር ቀፎ፣ የሚያናግረው ገበሬ፣ የሚያየው ሰማይ ተሰጠው። ለሷ ግን ምንም አልሰጣትም፤ በሠረገላ እየሄደች አሰበች፣ ባቡር ጣቢያ ደረሰች፣ አለቀ።»

«ይኼንን ለምን አልጻፍሽውም?» አለቻት አርታኢዋ።

«ሞኝነት መሰለኛ።»

ቃሏን ስሰማ ውስጤ ዘገነነኝ። ሞኝነት የመሰላት በዚያ ቤት ስለዚያ መጽሐፍ ከተነገረው ሁሉ የተሻለው ነገር ነበር። ደራሲው ለሁለቱ ሰዎቹ ጊዜን እኩል አላደላቸውም ማለቷ ነው። ይህ ሊከራከሩበት የሚቻል፣ ገጽ ተገልጦ የሚታይ ነገር ነው። ደግሞም የመጣው ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከዚያው «ጠላሁት» ካለችው ውስጥ ነው።

መምህሩ ግን አንዴ ወደ ሰፊው ጉዳይ ገብተዋልና አልተመለሱም። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባለው የካምብሪጅ መምህር ያደረገውን ነገሩን። ለተማሪዎቹ ግጥሞችን የደራሲ ስም ሳይጽፍ ይሰጣቸውና የመሰላቸውን ጽፈው እንዲያመጡ ያዛቸዋል። የጻፉለትንም ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አወጣው። ጥሩ የተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ግጥሙን ትተው የራሳቸውን ትዝታ ሲያነቡ፣ ወይም ከሌላ ቦታ ይዘውት የመጡትን የተዘጋጀ ስሜት ሲያፈስሱበት ተገኙ። በ1949 ደግሞ ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሥነ ጽሑፍን በአንባቢው ላይ ባመጣው ስሜት መመዘን ስሕተት ነው ብለው ጻፉ፤ የግጥሙ ማንነትና የግጥሙ ውጤት ተምታተዋል ሲሉ። «እኔ ይኼን ሳስተምር ነው የኖርኩት» አሉ መምህሩ። «በጭካኔ አይደለም። ወጣት አንባቢ በስሜቱ ብቻ ሲሄድ የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። ጀርመናዊው ጎተ በፍቅር ተጎድቶ ራሱን ያጠፋውን ወጣት ታሪክ፣ ‹ቬርተር›ን፣ በ1774 ሲያወጣ ወጣቶቹ ሰማያዊ ኮትና ቢጫ ሰደርያ እያሰፉ እንደ ቬርተር መልበስ ጀመሩ። በዓመቱ ላይፕሲግ ከተማ መጽሐፉን ከለከለ። ደራሲው ራሱ በሁለተኛው እትም ላይ እኔን አትከተለኝ የሚል ስንኝ ለማስገባት ተገደደ።»

«የከለከለው ከተማ ልክ ነበር ማለትዎ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«አይደለም። ከመጽሐፍ ጋር ርቀት ያስፈልጋል ማለቴ ነው።»

ሐኪሙ ብዙ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ራሱም ይናገረዋል። ግን የዚያን ቀን ያመጣው ነገር የሁላችንንም ሐሳብ ለጊዜው አስቀየረ። «እኔ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያነበብኩት በ16 ዓመቴ ነው» አለ። «ለኔ ያኔ መጽሐፉ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ብቻ ነበሩ። እነሱ የሌሉበትን ገጽ እየዘለልኩ ነው የጨረስኩት። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ‹ይኼ ሰውዬ ደግሞ ወሬው አያልቅም› እል ነበር። ከ40 ዓመቴ በኋላ እንደገና አነሣሁት። የፍቅሩን ነገር እንደሚያውቁት ዜማ እያዳመጥኩ አለፍኩ። ጉዱ ካሳ ጋ ስደርስ ግን መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። እውነቱን ስለ ተናገረ እብድ ያሉት ሰው! በሥራ ቦታ ስንቱን ዝም ብዬ እንዳለፍኩ እያንዳንዱ ንግግሩ አስቆጠረኝ። አፈርኩ።»

«የትኛው ነው ታዲያ ትክክለኛው ንባብ?» ሲሉ መምህሩ ጠየቁት። «መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጥከው አንተ ነህ። ስለ አንተ ነው እንጂ ስለ መጽሐፉ አልነገርከኝም፤ የኔንም ክርክር ደገፍክልኝ።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና «ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን ጉዱ ካሳ በ16 ዓመቴም እዚያው ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ ያስቀመጡት እኔ እስክደርስበት ነው። የሚቆጨኝ ምን መሰለህ፤ በ16 ዓመቴ ምን እንደተሰማኝ የጻፍኩት የለም። አሁን ‹እንዲህ ይሰማኝ ነበር› የምልህ ከ40 ዓመት ሰው አእምሮ አውጥቼ ነው። እውነት ዘልዬው ይሆን? እንጃ። ይቺ ልጅ ግን ታውቀዋለች፤ ጽፋዋለች።» መምህሩን እንደ እኩያው «ምን መሰለህ» ያላቸው በስሜት ተወስዶ ነው፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ልብ አላሉትም።

ቀጥሎ የመጣው ግን የመምህሩ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሳቸው። ልጅቱ በአልቤር ካሙ «ባይተዋሩ» ላይ የጻፈችውን እንድታነብ አርታኢዋ ጠየቀቻት። ማስታወሻው አጭር ነው። «ይኼን ሰውዬ አልወደውም። እናቱ ሞታ አላለቀሰም። በማግስቱ ዋኘ፣ አስቂኝ ፊልም አየ። ሲፈረድበት አላዘንኩለትም።»

መምህሩ ወንበራቸውን ወደሷ አስጠጉ። «ልጄ፣ በፍርድ ቤቱ ምዕራፍ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ?»

ትንሽ አሰበች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «...ይኼንኑ አለ» አለች።

«ይኼንኑ አለ። እናቱ ቀብር ላይ አላለቀሰም፣ በማግስቱ ዋኘ፣ ፊልም አየ። ሰው በመግደሉ የቀረበው መርሶ ባለማልቀሱ ሲፈረድበት አንቺ ከፈራጆቹ ጋር ተቀምጠሽ አብረሽ ራስሽን ትነቀንቂ ነበር። ካሙ ያን ወንበር ያዘጋጀው ላንቺ ነው። ስሜትሽ እውነት ነበር፤ ግን የመራሽ ሌላ ሰው ነው።»

«ከፈራጆቹ ጋር» አለች ለራሷ። አልተከራከረችም። አርታኢዋ ለማገዝ ብላ «የተገደለው ሰውዬስ? ስም እንኳ አልተሰጠውም፤ ‹ዓረቡ› ብቻ ተብሎ ነው ያለፈው። ለሱስ አዝነሽ ነበር?» አለቻት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «አላስተዋልኩትም። ስለ እናቱ ሳስብ ረሳሁት።»

ያ መልስ ለእኔም ሆነ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው አላስተዋልኩትም። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ ግን አስተዋለው። ካሙ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ዳውድ በ2013 ለሟቹ ሙሳ የሚል ስም ሰጥቶ፣ ታሪኩን በወንድሙ አፍ የሚያስነግር ልብ ወለድ አሳተመ። ሰባ ዓመት ያህል ሚሊዮኖች ካለፉበት ስፍራ ላይ አንድ አንባቢ ቆሞ «ይኼ ሰው እኮ ወንድም ይኖረው ነበር» አለ ማለት ነው። ይህ የማን ስሜት ነው፤ የአንባቢው አይደለም? ይህን ብናገርም ለመምህሩ መልስ አይሆንም ነበር፤ ምክንያቱም ልጅቱ ያን አልተሰማትም። የተሰማት ካሙ እንዲሰማት የፈለገው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተሸንፋለች፤ እኛም አብረናት።

ስለዚህ ነው እኔ ሌላ ታሪክ ያነሣሁት። እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገርኩም ነበር። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺንዋ አቼቤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊ መምህራቸው የጆይስ ኬሪን «ሚስተር ጆንሰን» እንዲያነቡ ሰጣቸው። በ1939 የወጣ ልብ ወለድ ነው፤ «ታይም» መጽሔት ስለ አፍሪካ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ብሎት ነበር። ባለታሪኩ ጆንሰን ናይጄሪያዊ ጸሐፊ ነው፤ የሚያመልከው እንግሊዛዊ አለቃው ሩድቤክ በመጨረሻ ተኩሶ ይገድለዋል። በክፍሉ ውስጥ አንድ ተማሪ ተነሣና ከመጽሐፉ የተደሰትኩበት ብቸኛ ቦታ ጆንሰን በጥይት የተገደለበት ነው አለ። መምህሩ ደነገጠ። አቼቤ ይህን በኋላ ዘመኑ ሲያስታውሰው፣ ክፍሉ በሙሉ የዚያን ተማሪ ቃል በዚያ መልክ ባይለውም በመጽሐፉ መከፋቱን ይጋራ እንደነበር ይናገራል።

«እስኪ ያን ተማሪ ያስቡት» አልኳቸው መምህሩን። «ደስ ያለኝ ሲሞት ነው አለ። በእርስዎ መለኪያ ይኼ ሂስ አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው የተናገረው። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ መጽሐፉ ከዚያ የበለጠ እውነት የተናገረ ማን ነበር? የገጸ ባሕርይ አሣሣሉን፣ ቋንቋውን፣ የሴራውን አወቃቀር የሚያወድስማ በየመጽሔቱ ሞልቶ ነበር። ይኼ ሰው እኛ አይደለንም የሚለውን ያወቁት በሆዳቸው ነው።»

መምህሩ የሰጡኝ መልስ ጠንካራ ነው፤ አልደብቀውም። «ያ ተማሪ የሚናገረው ስለሚያውቀው አገርና ሕዝብ ነው። ስሜቱ ዕውቀት ነበር። ደግሞም አቼቤ ‹ጠላሁት› ብሎ አልቀረም። ዓመታት ፈጅቶ አሰበበት፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የራሱን ልብ ወለድ አወጣ። በስሜት ጀመረ እንጂ በስሜት አልጨረሰም። ልጃችን እዚያ ስትደርስ እኔ ቀድሜ አጨበጭባለሁ።»

«እዚያ እንድትደርስ ግን መጀመሪያውን አይውሰዱባት» አለች አርታኢዋ። ይህን እያለች ደብተሩን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች እየገለጠች ነበር። አንድ ቦታ ቆመችና ጮክ ብላ አነበበች። «ደራሲው በዚህ ሥራው የሰው ልጅን ውስጣዊ ግጭት በጥልቀት ዳሷል። የገጸ ባሕርያት አሣሣሉ የተዋጣለት ሲሆን ቋንቋውም ውብና ሳቢ ነው።» ቀና ብላ «ይኼን ማን ጻፈው?» አለች።

«እኔ» አለች ልጅቱ።

«ስለ የትኛው መጽሐፍ ነው?»

«የዲከንስ ‹ታላቅ ተስፋ›።»

ነገሩ ሲጣራ፣ ከሁለት ወር በፊት መምህሩ ደብተሩን አይተው «እኔ» የሚለውን ቃል ትተሽ ጻፊ ብለዋት ነበር። ለክፋት አይደለም፤ ይወዷታል፣ መጻሕፍትም የሚያውሷት እሳቸው ናቸው። እሷም እንደ ታዘዘች አደረገች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ማስታወሻዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። ተራ በተራ ሰማናቸው። የመጽሐፉን ስም ብትሸፍነው የትኛው ለየትኛው እንደ ተጻፈ መለየት አይቻልም።

«ይኼን ተይውና» አለቻት አርታኢዋ፣ «ዲከንስን ስትጨርሺ ምን ተሰማሽ?»

ልጅቱ መምህሩን አየቻቸው። ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁላት። «መጨረሻው...» አለች፣ «መጨረሻው የመጽሐፉ አልመሰለኝም። ባለታሪኩ ፒፕ የሚወዳትን ኤስቴላን እጇን ይዟት ሲወጣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንዲገናኙ ስመኝ ነው የቆየሁት። ግን ሌላ ሰው የጨመረው መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ፒፕ የተመኘው ሁሉ ሲያመልጠው ነበር፤ ይኼ ብቻ ለምን አላመለጠውም አልኩ። ለመጻፍ ግን ፈራሁ። ዲከንስን ተሳስቷል ማለት ይሆንብኛል ብዬ።»

ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ቀጥሎ የሆነውን ሁሌም ለመምህሩ አከብርላቸዋለሁ። እሳቸው ባይናገሩ ማናችንም አናውቀውም ነበር። «ዲከንስ መጀመሪያ የጻፈው መጨረሻ ይኼ አልነበረም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በመጀመሪያው ኤስቴላ ሌላ ሰው አግብታለች፤ ሐኪም። ፒፕና እሷ ለንደን መንገድ ላይ ለአፍታ ይገናኙና ይለያያሉ። ሊታተም ሲል ቡልወር ሊተን የሚባል ደራሲ ወዳጁ አይቶት ቀይረው ብሎ መከረው። ዲከንስም ቀየረው፤ በ1861 የወጣው የተቀየረው ነው። የመጀመሪያው የታወቀው ዲከንስ ከሞተ በኋላ ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ባወጣው ጊዜ ነው። የትኛው ይሻላል በሚለው እስካሁን ይከራከራሉ።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረው «ስፌቱን አግኝተሽዋል» አሏት። «እኔ በትምህርት ነው ያወቅሁት፤ አንቺ በንባብ አገኘሽው። እኔ ደግሞ አትጻፊው አልኩሽ።»

ይህን ካሉ በኋላም ግን በሐሳባቸው ጸኑ። ልንሄድ ስንነሣ ስሜት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም ብለው ደገሙት፤ አርታኢዋም ምስክር ያልተሰማበት ፍርድ ቤት የት አለ ብላ መለሰችላቸው። እንዲህ እየተባባሉ ወጡ።

እኔ ግን ፍርዴን ልናገር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወጣና ሳወርደው ቆይቻለሁ። እኔ ከልጅቱ ጋር ነኝ። መምህሩ «ጠላሁት» በር ይዘጋል ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያን ቃል ብቻውን ይዘው ነው የተከራከሩት። ልጅቱ በአንዱም ማስታወሻዋ ላይ «ጠላሁት» ብላ ብቻ አልተወችም። የቭሮንስኪን ጥርስ ሕመም ጽፋለች። ሁለት ወር አለፈ የሚለውን ጽፋለች። መጽሐፌን ማንም ልብ አላለልኝም ያለውን ሰውዬ ጽፋለች። ስሜቷን ከየትኛው ገጽ እንደ ተቀበለች ታሳያለች፤ ያን ገጽ ገልጦ መከራከር ደግሞ ማንም ይችላል፤ መምህሩም ተከራክረዋታል፣ በካሙም ረትተዋታል። የረቷት በምን ሆነና? የተሰማትን ስለ ጻፈች አይደለም እንዴ! «ካሙ የሰው ልጅን ባይተዋርነት በጥልቀት ዳሷል» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ከፈራጆቹ ጋር ተቀምጣ እንደነበር እሳቸውም እሷም አያውቁም፤ ስሕተቷ ተደብቆ አብሯት ይኖር ነበር።

«እኔ» የሚለውን አውጪ ስትባል ያወጣችው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። የጥርሱን ሕመም፣ የተያያዙትን እጆች፣ ገመዱን ሁሉ አብራ አወጣች። የቀረላት «ውስጣዊ ግጭት» ነው፤ እሱ ደግሞ ለየትኛውም መጽሐፍ የሚለጠፍ ነው። ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ በወጣትም በሽማግሌም እጅ ተጽፎ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከብዙዎቹ በስተጀርባ ያለቀሰ ወይም የተናደደ ሰው ነበር፤ ያን ሰው ግን አፍሮ ደብቆታል። በ19 ዓመት ይህን ማፈር መማር በጣም ቶሎ ነው።

ስለዚህ ለልጅቱ በማግስቱ ስልክ ደውዬ ያልኳትን ልጻፈው። የድሮዎቹን ማስታወሻዎች አንድም ቀድደሽ እንዳትጥዪ፣ እንዳታርሚም። ያነበብሽበትን ቀንና ገጹን ጨምሪበት፤ አጎትሽ የሌለው ይኼ ነው። የካሙን ማስታወሻ አትሰርዢው፤ መጽሐፉን ድገሚውና ከሥሩ ሌላ ጻፊ፣ ስለዚያ ስም ስለሌለው ሰው ምን እንደ ተሰማሽ ወይም አሁንም ምንም እንዳልተሰማሽ። ከሁለት ወር ወዲህ የጻፍሻቸውን ደግሞ መጻሕፍቱ ገና ከአእምሮሽ ሳይጠፉ እንደገና ጻፊያቸው፣ በመጀመሪያው አኳኋንሽ። ይኼን ሁሉ እሺ አለች።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ከማስታወሻዎቿ አንዱ ገጽ 60 ላይ ስለ ተወችው ልብ ወለድ ነው፤ «ደራሲው ሴት ምን እንደምታስብ አያውቅም» ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ተራኪው ነው፤ እኔም መጽሐፉን ስለማውቀው፣ ያ ተራኪ ሴቶችን አለማወቁ በኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል። እዚህ ላይ ያለ ምንም ማመንታት ከመምህሩ ጎን ነኝ። «ሰለቸኝ፣ ገጽ 60 ላይ ተውኩት» ብትይ ማንም አይነካሽም፤ ስለ ደራሲው ለመፍረድ ግን ወይ ቀሪውን አንብቢ፣ ወይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዣት አልኳት። 60 ገጽ ይበቃል አለችኝ። አይበቃም አልኳት።